ጥቁር ሲጋር በሐዋሳ፦ የቅምሻው ነገር

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሲጋርና ሲጋራ አንድ አይደሉም። ሲጋራ በወረቀት የተጠቀለለ የተከተፈ ትምባሆ ነው። ሲጋር ግን ከውጭ እስከ ውስጥ ቅጠል ነው፤ ደህናው ደግሞ በእጅ ይጠቀለላል። ጥቁር ሲጋር የሚባለው የላይኛው ሽፋኑ ከጠቆረ ቡናማ አንስቶ ከሰል እስከመምሰል የደረሰው ነው። ሲጋር አጫሾች «ማዱሮ» ይሉታል። ቃሉ የስፓኒሽ ሲሆን «የበሰለ» ማለት ነው።

ሐዋሳ ላይ ሲጋር የሚያዘወትር ሰው ብዙ አታገኙም። የሚገኘውም ባብዛኛው ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። የአካባቢው የቆየ የትምባሆ ልማድ ሌላ ነው፤ በገጠሩ ጋያ ነበር፣ ኋላ ሲጋራ መጣ። ብላቴ ላይ ሲለማ የኖረው ትምባሆም ለሲጋራ እንጂ ለሲጋር አይደለም። ከተማዋ ግን ሌላ ሀብት አላት፤ ቀማሽ። የሲዳማ ቡና እዚህ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል። በ2020 እ.ኤ.አ. «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድር ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አንደኛ የወጣውም የሲዳማ ቡና ነበር። ስለዚህ ስለ መዓዛ፣ ስለ አሲድነት፣ ጉሮሮ ላይ ስለሚቀር ጣዕም የሚያወራ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አንድ ጓደኛዬ ቡና ቀማሽ ነው። ከውጭ የመጣልኝን ጥቁር ሲጋር አንድ ቀን ሰጠሁት። አልለኮሰውም። አፍንጫው ስር አድርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ አሸተተው። ዓይኑን ጨፍኖ «ኮኮዋ፤ ትንሽ ዘቢብ፤ ከስር ደግሞ የበረት ሽታ» አለኝ። ከዚያ መለሰልኝ። «ምላሴ እንጀራዬ ነው፣ ጭስ አላስነካውም» አለ። ቅምሻ ግማሹ ሳይለኮስ እንደሚያልቅ ያን ቀን ገባኝ።

ስለ ጥቁር ሲጋር በብዛት የሚነገረው ስህተት «ጥቁር ስለሆነ ይከብዳል» የሚለው ነው። ቡና የቆላ ሰው ይህ ለምን እንደማያስኬድ ያውቃል። ምጣድ ላይ እስኪጠቁር የተቆላ ቡና ይመራል እንጂ ካፌኑ አይጨምርም። ሲጋርም እንደዚያው ነው። የኒኮቲኑ ጉልበት የሚመጣው በዋናነት ከውስጥ ሙሌቱ ነው። ሙሌቱ ውስጥ «ሊጌሮ» የሚባለው፣ ከተክሉ አናት የሚለቀመው፣ ፀሐይ የጠገበው ወፍራም ቅጠል ከበዛ ሲጋሩ ይከብዳል። «ሴኮ» የሚባለው ከመሐል የሚመጣው ቅጠል መዓዛ ይሰጣል። «ቮላዶ» ከታች ተለቅሞ እሳቱ እንዳይጠፋ ይረዳል። እነዚህን አንድ ማሰሪያ ቅጠል ይይዛቸዋል፤ ሽፋኑ ከዚያ በላይ ይመጣል። ከላይ ሲታይ ጥቁር፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ሲጋር ሞልቷል።

ታዲያ ቅጠሉ እንዴት ይጠቁራል? እዚህ ላይ ለሐዋሳ ሰው ቆጮን ማስታወስ ይበቃል። እንሰት ተፍቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እንደሚብላላው ሁሉ ትምባሆም በጎታ ጎታ ተቆልሎ ይብላላል። ክምሩ ከውስጥ ራሱ ይሞቃል፤ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ሠራተኞች ሙቀቱን እየለኩ ክምሩን ያፈርሱትና የላዩን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ላይ እያደረጉ ይከምሩታል። አሞኒያው ይወጣል፣ ምሬቱ ይቀንሳል፣ ቀለሙ ይጠቁራል። ለማዱሮ የሚሆነው ቅጠል ይህን ረጅምና ሞቃት ጊዜ ሳይቀደድ መቻል ስላለበት ወፍራም መሆን አለበት። በዚህ የታወቁት የአሜሪካው ኮነቲከት ብሮድሊፍ፣ ከሜክሲኮ ቬራክሩዝ የሚመጣው የሳን አንድሬስ ቅጠልና የብራዚሉ ማታ ፊና ናቸው።

ጊዜው ውድ ስለሆነ አቋራጭ የሚፈልግ አይጠፋም። ቅጠል የሚያበስሉ አሉ፤ ቀለም የሚቀቡም አሉ። ቀላል መፈተሻ አለ። ነጭ ሶፍት በትንሹ አርጥቦ ሽፋኑን ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቢነካው ያለ ነው። ሶፍቱ ጫማ የጠረግንበት ከመሰለ ግን የተቀባ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ቀለሙ አንድ ወጥ ሆኖ የሚያብለጨልጭም ያጠራጥረኛል። የእውነተኛው ማዱሮ ሽፋን ሻከር ይላል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ቀለሙም ቦታ ቦታ ይለያያል።

ቀጥሎ እጅ ነው። ሲጋሩን በሁለት ጣት ከጫፍ ወደ ጫፍ ቀስ እያሉ መጫን ነው። አንድ ቦታ ክፍት ከሆነ እሳቱ እዚያ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ይግላል። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ቦታ ካለ ደግሞ አየር አያስገባም። ከዚያ አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይቆረጣል፤ ብዙ ከተቆረጠ ሽፋኑ ይፈታል። ሳይለኮስ አንድ ሁለቴ ሲሳብ የሚመጣው ጣዕም ብዙ ይናገራል። ወፍራም ጁስ በቀጭን ስትሮ እንደመጠጣት የሚያስቸግር ከሆነ ችግሩ እሳት ሲነካው አይለቅም።

አያያዙን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበት ይፈልጋል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ኩሽና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከሁለት ወር በኋላ የለኮስኩት ሲጋር ኮረሪማ ኮረሪማ አለኝ። ቅጠሉ የጎረቤቱን ሽታ ይጠጣል። በበጋ ደግሞ ይደርቅና ሲነኩት ይሰነጠቃል። ሐዋሳ ቀን ቀን ስለሚሞቅ የትምባሆ ጥንዚዛም ያሰጋል፤ ቅጠሉ ውስጥ የተኛው እንቁላል በሙቀት ይፈለፈልና ሽፋኑን በመርፌ የተወጋ ያስመስለዋል። ውድ ሣጥን ባይኖር በደንብ የሚከደን ንጹሕ ምሳ ዕቃና እርጥበት የሚጠብቅ ትንሽ ከረጢት ይበቃል። ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ከበርበሬና ከዕጣን ይራቅ።

ቦታም አንድ ነገር ነው። በዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላም ትምባሆ አይሸጥም። ስለዚህ ውጭ ነው፤ ያውም ሰው በሌለበት። ፍቅር ሐይቅ ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚያስቸግር እሳቱ ወደ አንድ ጎን ይበላል፤ ጥፋቱ የሲጋሩ ይሁን የነፋሱ መለየት አይቻልም። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደልማ አይታሰብም። የዓሣው ሽታ ባለበት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በተሰለፉበት፣ ስለ ኮኮዋ መዓዛ ማውራት ቀልድ ነው። እኔ ጠዋት፣ ቁርስ ተበልቶ፣ ጊቢ ውስጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሲለኮስ እሳቱን ከጫፉ ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ ሲጋሩን እያዞሩ፣ ጠርዙ ዙሪያውን እስኪግል መጠበቅ ነው። የቤንዚን ላይተር ሽታው ይገባበታል፤ ክብሪት ከሆነ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ ይጠበቅ። ጭሱ አፍ ውስጥ ይያዛል እንጂ ወደ ሳንባ አይሳብም። ቀማሾች ጥቂቱን በአፍንጫ ያወጡታል፤ ቃሪያ ቃሪያ የሚለው ነገር እዚያ ነው የሚታወቀው። በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል። ሲቸኩሉ ይግላል፣ ይመራል።

ግምገማው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሲሶ አብዛኛውን ጊዜ ቅመም ይበዛዋል። መሐሉ ላይ የጥሩ ማዱሮ ጣፋጭነት ይመጣል፦ ጥቁር ቸኮላት፣ ቡና፣ የደረቀ ፍሬ፣ አንዳንዴ እርጥብ አፈር። የመጨረሻው ሲሶ ላይ ሙቀቱና ኒኮቲኑ ይጨምራል፤ ደካማው ሲጋር የሚጋለጠውም እዚሁ ነው። በየሲሶው እሳቱ ዙሪያውን እኩል መሄዱ፣ ስበቱ፣ አመዱ መጠንከሩና ጣዕሙ መለዋወጡ ይጻፋል። ነጥቡ እንደ ቡናው ከ100 ነው። ዋጋውንና ስሙን የሚያሳየውን ቀለበት አስቀድሞ ማውለቅ ይመረጣል፤ ውድ ነው ብሎ ያሰበ ምላስ ውድ ጣዕም ይፈልጋል።

ወደ ሳንባ አይሳብም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። የሲጋር ጭስ ኒኮቲኑን በአፍ ቆዳ በኩል ያስገባል። የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያመጣል። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። ባዶ ሆድ የሞከረ ደግሞ ላብ ያጠምቀዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ያኔ ሻይ በስኳር ይረዳል። በወር አንዴ የሚያደርገው ሰው እንኳ ራሱን ሊዋሽ አይገባም።

ሲያልቅ እንደ ሲጋራ አይደፈጠጥም፤ ከተደፈጠጠ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። አመድ መያዣው ላይ ከተጋደመ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። የቀረውን ግን ሌሊቱን አታሳድሩት፤ ጠዋት የሚጠብቃችሁ ሽታ የኮኮዋ አይደለም።