«ትንሽ ምቾት ይነሳል» ሲባል ምን ማለት ነው? ኢንዶስኮፒ ለታዘዘለት ሰው

ሐኪሙ ማዘዣውን እየጻፈ «አያምም፤ ትንሽ ምቾት ይነሳል እንጂ» ይልዎታል። ቤት ሲደርሱ ጎረቤት «እኔማ ነፍሴ ልትወጣ ነበር» ይላል። ማታ ደግሞ አሜሪካ ያለችው እህትዎ ደውላ «ምን ያስፈራል? እኔ ተኝቼ ነው ያለቀው» ትላለች። የማንን ይመኑ?

ሦስቱም አልዋሹም። ምቾት መንሳት የሚባለው ነገር አንድ ስሜት አይደለም። የማይገናኙ ሦስት አራት ስሜቶች በአንድ ስም ተጠርተው ነው። የትኛው መቼ እንደሚመጣና ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ያወቀ ሰው፣ አልጋው ላይ ሲወጣ ፍርሃቱ በግማሽ ይቀልለታል።

የማወራው በአፍ ገብቶ ጨጓራን ስለሚያየው ነው። ከታች የሚገባው ኮሎኖስኮፒ ዝግጅቱም ስሜቱም ሌላ ነው። የኛው መሣሪያ 1 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው። በምግብ ቧንቧ ወርዶ፣ ጨጓራን ዞሮ፣ እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል።

ቱቦው ወፍራም ነው ብሎ ለሚያማርር ሰው አንድ ነገር ልንገረው። በ1868 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል የሰው ጨጓራ ውስጥ ለማየት ሲነሳ የነበረው ቀጥ ያለ፣ የማይታጠፍ የብረት ቱቦ ነው። ማን ይዋጠው? ሰይፍ በመዋጥ ትርኢት የሚያሳይ ሰው ፈልጎ አመጣ። ሙሉ በሙሉ ተጣጣፊ የሆነው የመጣው ገና በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሠራው ባዚል ሂርሾዊትስ መጀመሪያ የሞከረው በራሱ ጉሮሮ ነበር።

ወደ እኛ ቀን እንመለስ። ነገሩ የሚጀምረው በጾም ነው። በአብዛኛው ከምርመራው በፊት ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ምግብ አይበላም፤ ውሃም ቢሆን ምርመራው ሊጀመር ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። ጾም ለለመደ ሰው ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚከብደው የጠዋት ቡና ነው። ግን «አንዲት ሲኒ ምን አላት» አይበሉ። ጨጓራ ውስጥ የቀረ ነገር እይታውን ይጋርዳል፤ ባሰ ጊዜም ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የስኳር መድኃኒት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ በዋዜማው ሳይሆን ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስም አይደበቅም።

ቀጥሎ ጉሮሮ ውስጥ የሚነፋው ማደንዘዣ አለ። እንደ እሬት ይመራል። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ጉሮሮ ያበጠ ይመስላል፤ ምራቅ መዋጥ ያቃተ ይመስላል። እኔ የደነገጥኩት እዚህ ጋ ነው። ቱቦው ገና አልመጣም፣ እኔ ግን «ታፈንኩ» ብዬ ልነሳ ስል ሲስተሯ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። ጉሮሮ ግን አላበጠም። ጥርስ ሲነቀል ከንፈር አብጦ የወደቀ እንደሚመስለው ሁሉ፣ የደነዘዘ ነገር ለባለቤቱ ያበጠ ይመስለዋል።

ከዚያ በግራ ጎን ያስተኙዎታል። ቱቦውን እንዳይነክሱት በጥርስ መካከል ክፍት ፕላስቲክ ይገባል። አሁን ዋናው መጣ። ቱቦው የምላስን ሥርና የእንጥልን አካባቢ ሲነካ ሰውነት «ባዕድ ነገር ገባ» ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ይላል። ዓይን ያነባል። ጎረቤትዎ ነፍሴ ልትወጣ ነበር ያለው ይህንን ነው። ደግነቱ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። የምግብ ቧንቧ አፍ ላይ ተዘግቶ የሚኖር ጡንቻ አለ፤ የሚከፈተው ስንውጥ ነው። ሐኪሙ «ዋጥ ያድርጉ» የሚለው ለዚህ ነው። በዚያች ቅጽበት እሺ ካሉ ቱቦው ሸርተት ብሎ ያልፋል። አንገት ካደነደኑና ከታገሉ ግን ያው በር ላይ ይቆማል፤ ትውከቱም አብሮ ይቆያል።

መታፈንስ? ይህ ፍርሃት የሁሉም ነው። ቱቦው የሚሄደው በምግብ መንገድ ነው፤ የአየር ቧንቧው ከፊት ለፊቱ ለብቻው ክፍት ነው። ትንፋሽ አይቋረጥም። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ረዘም አድርጎ ማስወጣት ነው። መናገር ስለማይቻል በጣም ሲከብድዎት እጅዎን እንዴት እንደሚያነሱ ከመጀመሩ በፊት ይስማሙ።

ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ይሉኝታ። ሰው ፊት ልጋግ ማዝረክረክና ማግሳት ለኛ ነውር ነው። እዚያ አልጋ ላይ ግን ምራቅዎን ልዋጥ ብለው ሲታገሉ ነው የሚያስልዎትና የሚያንቅዎት። በጎን ያስተኙዎት እንዲፈስ ነው። ይፍሰስ። ፎጣ አለ፣ መምጠጫ መሣሪያም አለ፤ ሲስተሯ በቀን ስንቱን ሰው እንዲህ እንዳየች እሷ ትወቀው።

ጨጓራ ውስጥ ከተገባ በኋላ ስሜቱ ይቀየራል። ባዶ ጨጓራ እንደ ታጠፈ ጆንያ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ያለው እንዲታይ አየር ይነፋበታል። ያኔ የሠርግ ቤት ምሳ ከልክ በላይ የበሉ ያህል ሆድዎ ይወጠራል። ሐኪሙ ለአፍታ ግሳትዎን እንዲይዙ ሊጠይቅ ይችላል፤ አየሩ ከወጣ እንደገና መንፋት አለበትና። ካመለጠዎት ግን አመለጠ ነው፣ ምንም አይደል።

ሰው በጣም የሚፈራው «ሥጋ ቆርጠው ይወስዳሉ» የሚለውን ነው። ይህ ግን ከሁሉም የሚቀለው ነው። ጨጓራ ሲወጠር ይሰማዋል፤ የውስጥ ሽፋኑ ሲቆረጥ ግን አይሰማውም። የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ናሙና ስትወሰድ አይታወቅዎትም። ናሙና ተወሰደ ማለትም ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ጨጓራን የሚያቆስለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ይህ ባክቴሪያ ሊደበቅ ስለሚችል፣ ማቆም እንዳለብዎትና መቼ ማቆም እንዳለብዎት ቀድመው ይጠይቁ።

የእህትዎ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ የሚያስተኛ ወይም የሚያፈዝ መድኃኒት የተለመደ ነው። እኛ ጋ በብዙ ቦታ የሚሠራው በጉሮሮ ማደንዘዣው ብቻ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት እንቅልፍ እንኳ ሳይወስድ ያስረሳል፤ ሰውየው «ዋጥ ያድርጉ» ሲባል ውጧል፣ በኋላ ግን አያስታውስም። የሚያሳስብዎት ከሆነ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። ግን ዕዳም አለው። ቀኑን ሙሉ ያደነዝዛል፤ ለ24 ሰዓት መኪና መንዳትም ሆነ ውል መፈረም የለም፤ ቤት የሚያደርስ ሰውም የግድ ነው። በማደንዘዣው ብቻ የታየ ሰው ጉሮሮው ሲለቀው ተነስቶ ይሄዳል። እኔ ድጋሚ ቢታዘዝልኝ ያለ እንቅልፍ መድኃኒት የምመርጥ ይመስለኛል፤ ትውከቱን እጠላዋለሁ፣ ግን አጭር ናት።

ሲያልቅ ወዲያው ውሃ ልጠጣ አይበሉ። የደነዘዘ ጉሮሮ ያሳስታል፤ ውሃው ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። ድንዛዜው እስኪለቅ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል፣ ይታገሱ። መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ይሞክሩ። የዚያን ቀን ለብ ያለ አጥሚት ከሚያቃጥል ወጥ ይሻላል። ጉሮሮ አንድ ሁለት ቀን ጉንፋን እንደያዘው ሊከረክር፣ ሆድም ለጥቂት ሰዓት ሊነፋ ይችላል። አሁን ያግሱ፤ ከልካይ የለም።

ከዚህ ያለፈ ግን «ምቾት መንሳት» አይባልም። እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የደረት ሕመም፣ ትኩሳት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መዋጥ እምቢ ማለት፣ ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም መቀደድ ወይም መድማት ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ኢንዶስኮፒ እንደተደረገልዎትም ገና በር ላይ ይናገሩ።