ከምድጃው እስከ መገጭ፦ ስለ አካባቢ ጥበቃ በጎንደር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደር ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወራ ጎልተው የሚነሡት ችግኝና ፌስታል ናቸው። ሁለቱም መነሣታቸው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ ማለዳ ቡና ከሚያፈላበት ሰዓት አንሥቶ ማታ በሩን እስኪዘጋ ድረስ የሚያደርገውን በጥሞና የተከታተለ ሰው፣ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በምድጃውና በግቢው የፍሳሽ ቦይ በኩል መሆኑን ያስተውላል። ከዚህ በታች የማነሣቸው አመለካከቶች በዕድር ድንኳን፣ በቡና ላይና በታክሲ ውስጥ ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹንም እኔው ራሴ ለዓመታት አምኜባቸው ኖሬአለሁ።

«ይህ የሀብታም አገሮች ጉዳይ ነው»

የዚህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከኢንዱስትሪ የተነሣ በዓመት በአማካይ ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.2 ቶን ያነሰ ሲሆን የዓለም አማካይ ግን ከ4 ቶን በላይ ነው፤ ስለዚህ የአየር ንብረት ለውጥን ዕዳ በአዘዞ ወይም በማራኪ ነዋሪ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ስሕተቱ የሚጀምረው አካባቢ ማለት ካርቦን ብቻ ነው ብሎ ከማሰብ ነው። በአጥር ጥግ የሚነደው ላስቲክ ጭሱ የሚገባው ጎረቤት ቤት ነው፤ ወደ ቦይ የተደፋው ቆሻሻ የሚወርደውም ከታች ወዳለው ሰፈር ነው። እነዚህን ሌላ አገር አላመጣቸውም፤ ሌላ አገርም አያነሣልንም።

«ከሰል ጭስ ስለሌለው ከእንጨት ይሻላል»

ይህን አመለካከት ከሁሉ አስበልጬ የምፈራው ንጹሕ ስለሚመስል ነው። ከሰል የሚከሰለው የተቆለለ እንጨት በአፈር ተዳፍኖ፣ አየር እያጠረው ቀስ ብሎ እንዲነድ በማድረግ ሲሆን፣ በዚህ በተለመደው ዘዴ 1 ኪሎ ግራም ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ያስፈልጋል። በእንጨቱ ውስጥ ከነበረው ኃይል አብዛኛው ገና ከጫካው ሳይወጣ በጭስና በሙቀት መልክ ባክኖ ይቀራል። በማዳበሪያ ታስሮ፣ አፉ በቅጠል ተወትፎ ወደ ገበያ የሚመጣው ከሰል እንግዲህ ጭሱን እዚያው አራግፎ የመጣ ነው፤ እኛ ጭሱን አላየነውም እንጂ ለከሰሉ የተቆረጠው ዛፍ በቀጥታ ለማገዶ ከሚቆረጠው ይበልጣል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በክረምት ብርድ ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ነው። የፋመ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጭስ ዐይንን ስለሚያቃጥል ሰው በሩን ይከፍታል፣ ይህኛው ግን ምንም ምልክት ሳይሰጥ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ይገድላል። የእንጨት ጭስም ቢሆን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ ከነዚህም ከ230,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚል ሰው መልሱ ከአንድ በላይ ነው። ከሰል ግድ ከሆነ «ላቀች» የሚባለው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። እንጀራ በእንጨት የሚጋገር ከሆነ ደግሞ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚደረግ ጋገራ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያተርፋል፤ ምክንያቱም እሳቱን ከንፋስ ከልሎ ሙቀቱን ምጣዱ ሥር ስለሚያቆየው ነው። የአንድ ቤት ማገዶ በብዛት የሚያልቀው እንጀራ ላይ በመሆኑ፣ በእኔ ግምት አንድ ቤተሰብ ይህን ምድጃ ማስገባቱ በዓመት ከሚተክላቸው ችግኞች ሁሉ ይልቅ ደንን ይጠብቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድን በሚመለከት «መብራት ይበላል፣ ስለዚህ አካባቢን ይጎዳል» የሚሉም አሉ። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት እንደሚስብ እውነት ነው፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ኃይል በመሆኑ ከማንኛውም ማገዶ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። የሚባክነው ኃይል ሸክላው እስኪግል የሚጠፋው ነው። ስለሆነም አንዴ ከጋለ በኋላ የሦስትና የአራት ቀኑን እንጀራ አከታትሎ መጋገር፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ በአንድ ግለት ሁለት ቤት መጋገር ብልህነት ነው፤ ለእናቶቻችን ይህን ማስተማር ግን ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

«ቆሻሻን ማቃጠል ንጽሕና ነው»

ቅዳሜ ማለዳ ግቢ ተጠርጎ፣ ቅጠሉም ፌስታሉም ያረጀ ጫማውም ባንድነት ተቆልሎ ክብሪት ይጫርበታል። ግቢው ጥርት ስለሚል ሥራው የተጠናቀቀ ይመስላል። ቅጠሉ መቃጠሉ ብክነት ነው፤ ላስቲኩ መቃጠሉ ግን መርዝ ነው። በተለይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና ብዙውን ጊዜ «ኮንጎ» የምንላቸው የፕላስቲክ ጫማዎች የሚሠሩበት ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ ክሎሪን ስላለበት፣ እንዲህ ባለ ደካማ እሳት ሲነድ ዳዮክሲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ዳዮክሲን በውሃ አይሟሟም፤ በቀላሉም አይበሰብስም። ማረፊያው ስብ ነው። ከጓሮ ያለችው ዶሮ ያንን የአመድ ክምር በእግሯ እየጫረች ስትለቅም ውላ ወደ ጎጆዋ ስትመለስ፣ ከአመዱ የቀረው ነገር ወደ እንቁላሉ አስኳል ይሄዳል፤ በላሟም በኩል ወደ ወተትና ወደ ቅቤ ይሄዳል። አቃጥለን የጣልነው እንዲህ ተመልሶ ገበታ ላይ ይቀርባል።

አማራጩ ከሚታሰበው ይቀላል። በኢትዮጵያ ከተሞች ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ የሚበዛው የሚበሰብስ ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን አንጓ፣ ጥራጊ። ይህ በፌስታል ታጅሎ ቆሻሻ መጣያ ሲደርስ አየር ባለማግኘቱ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ይፈጥራል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል የበረታ የሙቀት አማቂ ጋዝ ነው። በጓሮ ጥግ ጉድጓድ ተምሶ፣ እርጥቡ ከደረቁ ጋር እየተነባበረና አልፎ አልፎ እየተገላበጠ ሲቀመጥ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ለጎመንና ለቃሪያ የሚሆን ጥቁር አፈር ይሆናል። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ሃይላንድ ደግሞ ለብቻቸው ከተቀመጡ ቁራሌው ራሱ በር ድረስ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ቀድሞውንም የጠላው አተላ ለከብት፣ የእህሉ ጥራጊ ለዶሮ የሚሰጥበት ቤት ቆሻሻን መለየት እንደ አዲስ ትምህርት ሊቆጥረው አይገባም።

«ወራጅ ውሃ ሁሉን ያጠራል»

ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ሁለቱም ወደ ደቡብ ወርደው ከመገጭ ጋር ይቀላቀላሉ፤ መገጭም የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ይህን መንገድ በልቡ የያዘ ሰው «ውሃ ወሰደው» የሚለውን ቃል እንደ መጨረሻ አይቆጥረውም። ውሃ ቆሻሻን ከዐይናችን ያርቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በበጋ ወንዙ ሲሳሳ ደግሞ ማራቁንም ይተወዋል።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የታየው እንቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ክፉኛ ተስፋፍቶ ዓሣ አስጋሪዎችንና ከብት የሚያጠጡ ገበሬዎችን አስቸግሯል። አረሙ እንዲፋፋ የሚያደርጉት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ናቸው። ከእነዚህ ብዙው የሚመጣው በጎርፍ ከሚታጠበው የእርሻ አፈርና ማዳበሪያ በመሆኑ ጥፋቱን ሁሉ ለከተማው መስጠት ትክክል አይሆንም፤ ነገር ግን የመጸዳጃ ፍሳሽና አንዳንድ ዱቄት ሳሙናዎች የሚይዙት ፎስፌት እዚያው ሐይቅ ውስጥ ይደመራሉ። ከጥምቀት ማግስት በዐፄ ፋሲል የጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ወዳድቆ የሚታየው ሃይላንድ ሁሉ ሳይለቀም ከቆየ፣ ሐምሌ ላይ ቀሃ ሞልቶ ሲወርድ ይዞት የሚሄደው ወዴት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ልብስ የሚያጥብ ሰው ማድረግ የሚገባው ሳሙናውን በመጠኑ መጠቀምና እጣቢውን ወንዝ ውስጥ ከመድፋት ይልቅ ከወንዙ ርቆ አፈር ላይ ማፍሰስ ነው፤ አፈሩ ከፎስፈረሱ የተወሰነውን ይይዘዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ እምነት አለ፦ ተፈጥሯዊ የሆነ ነገር ሁሉ ውሃን አይጎዳም የሚል። እንዶድን ያነሡልኛል። እንዶድ በእርግጥ ድንቅ ሳሙና ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ዓለም ያወቀው ታሪክ ነው። ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድለው ይኸው እንዶድ ሲበዛ ዓሣንም ይገድላል። ብርብራም እንዲሁ ከዛፍ የሚገኝ ፍሬ ነው፤ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣ አደንዝዞ ለማጥመድ የሚያገለግለው መርዝ ስለሆነ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳይሆን ምን ያህሉ የት እንደሚደፋ ነው።

«ዛፍ እስከሆነ ድረስ ማንኛውም ዛፍ ይተከል»

ባህር ዛፍን መስደብ ዛሬ ፋሽን ሆኗል፤ እኔ ግን አልሰድበውም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ገብቶ፣ በጥቂት ዓመታት ለማገርና ለማገዶ እየደረሰ፣ የቀረውን አገር በቀል ደን ከመጥረቢያ ያተረፈ ዛፍ ነው። ስሕተቱ ቦታው ላይ ነው። በምንጭ አፋፍና በወንዝ ዳር ሲተከል ውሃውን ይሻማል፤ በዳገት ላይ ተጠጋግቶ ተተክሎ ቅጠሉ ለማገዶ ሲጠረግ ደግሞ ከሥሩ ሣር ስለማይበቅል አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ጎርፍም ይወስደዋል። ለከተማችን ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ትልቁ ችግሩ ደለል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ከግድቡ በላይ ያለው ዳገት ምን ለብሷል የሚለው ጥያቄ የቧንቧው ጉዳይ ነው። ለእንዲህ ያለው ቦታ ምን እንደሚስማማ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቅጥር ግቢ የከበቡትን ጽዶች ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። ወይራና ዋንዛም አሉ። የተተከለውን ችግኝ ሁለት በጋ ውሃ ማጠጣትና ከፍየል መጠበቅ ደግሞ ከተከላው ዕለት ፎቶግራፍ ይልቅ ዋጋ አለው።

«የጨርቅ ቦርሳ ስለያዝሁ ግዴታዬን ተወጥቻለሁ»

በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል ተከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጥብቆታል። ዘንቢል ይዞ ቅዳሜ ገበያ መውረድ እንግዲህ ሕግም ልማድም ሆኗል። ነገር ግን 1 ኪሎ ግራም ጥጥ ለማምረት በአማካይ 10,000 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚያስፈልግ፣ በየስብሰባው የሚታደለውን የጨርቅ ቦርሳ ቤት ውስጥ መከመር ከፌስታሉ የተሻለ ሥራ አይደለም። አንዱ ቦርሳ እስኪቀደድ ድረስ፣ ከዚያም ተጥፎ ሲያገለግል ነው የሚክሰው። ለዚህ የአያቶቻችን ዘንቢል ይበልጣል።

«ጠብታ ውሃ ምን ያህል ነው?»

ይህን እኔም እል ነበር። በግቢያችን ያለው ቧንቧ ለወራት ሲያንጠባጥብ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ድምፁን ሰምቼ፣ ለማወቅ ያህል ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ አስቀመጥሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ያስቀመጥሁት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሞልቶ ይፈስ ነበር። በ10 ሰዓት 5 ሊትር ከሆነ በ24 ሰዓት 12 ሊትር ነው፤ ቧንቧው ዓመቱን ሙሉ ውሃ ቢኖረው ኖሮ ከ4,000 ሊትር በላይ፣ ማለትም ከ200 የሚበልጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይባክን ነበር። ቧንቧው ሲፈታ ጥፋቱ የተገኘው በአንዲት የተበላች ጎማ ላይ ነው።

«ኃይል ቆጣቢ አምፖል ምንም ጉዳት የለውም»

ጠመዝማዛውና ነጩ አምፖል ከድሮው ባለ ክር አምፖል በእጅጉ ይቆጥባል፤ ሆኖም በውስጡ በሚሊ ግራም የሚለካ፣ ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ብረት አለው። በቀላሉ የሚገኘው ኤል.ኢ.ዲ. ግን ሜርኩሪ የለውም፤ ባለ 60 ዋት የነበረውን አምፖል ከ8 እስከ 10 ዋት በሚስብ ሊተካው ይችላል። ጠመዝማዛው እቤት ውስጥ ቢሰበር ልጆችን አስወጥቶ መስኮት መክፈትና አሥር ደቂቃ ያህል መቆየት፣ ከዚያም በመጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ ስብርባሪውን በጠንካራ ካርቶን ሰብስቦ ቀሪውን በረጠበ ወረቀት መጥረግና ሁሉንም ክዳን ባለው ጠርሙስ ማሸግ ያስፈልጋል። ከቅጠሉ ጋር ተቆልሎ ቅዳሜ ማለዳ ከሚነደው ክምር ውስጥ ግን ፈጽሞ መግባት የለበትም።