ሪፊዩጂ እና አሳይሊ ምን ይለያቸዋል?

በአሜሪካ ሕግ «ሪፊዩጂ» እና «አሳይሊ» የሚለዩት በደረሰባቸው በደል ዓይነት አይደለም፤ ሁለቱም በዘራቸው፣ በሃይማኖታቸው፣ በዜግነታቸው፣ በፖለቲካ አመለካከታቸው ወይም በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነታቸው የተነሳ የተሳደዱ ወይም እንሳደዳለን ብለው በበቂ ምክንያት የሚሰጉ ናቸው። ልዩነቱ ጥበቃውን ያገኙበት ቦታ ነው። ሪፊዩጂ ገና ከአሜሪካ ውጭ፣ ለምሳሌ ናይሮቢ ሳለ ጉዳዩ ተጣርቶና ተፈቅዶለት የሚገባ ሲሆን፣ አሳይሊ ግን በቪዛም ይሁን በድንበር አገሩ ከደረሰ በኋላ ጥገኝነት ጠይቆ የተፈቀደለት ነው፤ ውሳኔ የሚጠባበቀው ሰው ጥገኝነት ጠያቂ እንጂ አሳይሊ አይባልም። ጠያቂው፣ ሕጉ የሚቀበለው ልዩ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከ1 ዓመት በኋላ ለግሪን ካርድ ማመልከት ለሪፊዩጂ ግዴታ፣ ለአሳይሊ ግን በፈቃዱ የሚወሰን ነው።