ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ማደር፦ የሚባለውና እውነታው

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ ራቅ ማለት ለሚፈልግ ደግሞ ባሌ ዲንሾ፣ ከከተማ ግርግር ሸሽቶ አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ለማደር የሚመቹ ቦታዎች ናቸው። ብዙ ሰው ግን ሲሄድ ሦስት ብርድ ልብስ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሠርግ የሚያስተናግድ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ይጭናል። ከሥር የሚነጠፍ ነገር ይረሳል። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ስለ ጫካ አዳር ሲወራ የምንሰማው ነገር ነው።

«ብርድ ከሆነ መደረብ ነው»

ደጋ ላይ ሌሊቱን የሚያንዘፈዝፈን በአብዛኛው የተኛንበት መሬት ነው። ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ የሚያሞቀው በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው። ከጀርባችን ሥር ሲገባ ግን ክብደታችን ይጨፈልቀዋል፤ አየሩ ይወጣና የሰውነታችንን ሙቀት መሬቱ ይጠጣዋል። ስለዚህ በቀላሉ የማይጨፈለቅ ነገር ማንጠፍ ያስፈልጋል። ጠንከር ያለ ስፖንጅ ወይም ሁለት የስፖርት ምንጣፍ ደርቦ ማንጠፍ ይበቃል። ሁለት ብርድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው እንኳ አንዱን አጣጥፎ ከሥሩ ቢያደርገው ይሻለዋል።

ጋቢን አልነቅፍም፤ ያለ እሱ አልሄድም። ነገር ግን ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ አያሞቅም፤ የመንዝ ባና ሱፍ በመሆኑ እርጥበትን የተሻለ ይችላል። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲ ማስቀመጥም አይዘንጋ። የፈላ ውሃ በብረት ጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ የሌሊቱ ትልቁ ድሎት ነው። ሃይላንድ ግን አይሆንም፤ የፈላ ውሃ ሲገባበት ይኮማተራል።

«ክረምቱ ከወጣ ምን ብርድ አለ?»

«ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ይህን ጥያቄ መልሰውታል። በክረምት ደመናው ሌሊት እንደ ክዳን ሆኖ ሙቀቱን ያቆያል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን ፀሐይ የሰጠችው ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ያመልጣል፤ ደጋው ላይ ውርጭ የሚጥለውም ያኔ ነው። ከፍታም አለ፦ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ 1,700 ሜትር አካባቢ ካለችው ሐዋሳ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ልብሱን በዚያው ልክ ያስብ።

«ከሰሉ ጭሱ ከወጣለት ድንኳን ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ደጅ ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ፍሙ ቀይ ሆኖ ምድጃው ላይ ይቀራል፤ ጭስ የለውም፣ አይሸትም፣ ደስ የሚል ሙቀት ይሰጣል። አንዱ ተነስቶ «ይቺማ አትባክንም» ይልና ወደ ድንኳኑ ያስገባታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ አልባው ፍም ደግሞ በብዛት ያወጣዋል። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ይህን ሳያውቅ ይሞታል። ዚፑን ትንሽ ከፍቶ መተው ዋስትና አይሆንም። ከመኝታ በፊት ምድጃው ደጅ፣ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ፣ በውሃ መጥፋት አለበት። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ድንኳን ውስጥ አይለኮስም። ቡናውን ሦስተኛ ድረስ ደጅ ጠጡት፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

«ጠዋት ድንኳኑ ከረጠበ አፍስሷል ማለት ነው»

አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ትንፋሽ ነው። ብርድ ፈርተን ቀዳዳውን ሁሉ ስንዘጋው እንፋሎቱ ከቀዝቃዛው ሸራ ጋር ሲገናኝ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ጋቢውም ይረጥባል። ከላይ ያሉትን የአየር ማስገቢያዎች መክፈት ያዋጣል። ትልቅ ድንኳን የሚያመጡም ይሳሳታሉ፤ በትንፋሻችን ለማሞቅ ትንሹ ይቀላል።

«ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ነው የሚመቸው»

ያረጀ ዝግባና ጥድ ደረቅ ቅርንጫፍ ይጥላል፤ በነጎድጓድ ጊዜማ አይታሰብም። ጎድጓዳው ቦታ ደግሞ ውሃም ቀዝቃዛ አየርም የሚተኛበት ነው።

«ጅቡስ?»

ጅብን የሚጠራው የምግብ ሽታ ነው። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የተኛ ሰው ሳይሆን ደጅ የተተወ አጥንት፣ ወጥ የነካው ድስትና የቆዳ ጫማ ይማርከዋል (በተረቱ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው እሱ አይደል?)። ምግቡ መኪና ውስጥ ይቆለፍ፣ ጫማው ወደ ውስጥ ይግባ። እኔን ከጅብ ይልቅ የምታሰለቸኝ ጠራራ ፀሐይ ላይ ዳቦ የምትነጥቀዋ ጦጣ ናት።

«ድንኳን የፈረንጅ ነገር ነው»

እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ አፄ ፋሲል ጎንደርን መቀመጫ እስኪያደርጉ ድረስ የነገሥታቱ ግቢ ለዘመናት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ሰፈር ነበር። በከተራ ማታ ታቦቱ ካደረበት ድንኳን አጠገብ ጋቢ ተከናንቦ የሚያድረውን ሕዝብም ማን ፈረንጅ ይለዋል?

«ጫካ ጸጥ ያለ ነው»

የሞተር ድምፅ የለም እንጂ ጸጥታ የለም። ጎህ ሊቀድ ሲል ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ እየተቀባበሉ ሲያጓሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው አንበሳ መጣ ብሎ ይነሳል። ድምፅ ማጉያውን ቤት ተዉት፤ ይህን ሊሰሙ የመጡ ጎረቤቶች አሉ።

«ማገዶው ከደኑ ይገኛል፣ ምግቡም እዚያው ይበስላል»

3,000 ሜትር ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ዕድሜ ይፈጃሉ። ወጡን ቤት ሠርቶ ማሞቅ ብቻ፣ ከዚያ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። ጥብቅ ደን ውስጥ ደግሞ እንጨት መልቀም፣ የወደቀ ቢሆንም፣ እንደ መብት አይታይም። እሳት የት እንደሚፈቀድና ማደሪያው ስንት እንደሚከፈልበት፣ የመንገዱንም ሰላም ጭምር፣ ከመነሳት በፊት ደውሎ መጠየቅ ነው።