ሂሳብ ነው ወይስ መንቆር? ስለ እንግሊዝኛ ቃላት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ በእንግሊዝኛ እንጀራውን የሚበላ ሰው ብዙ ነው፤ ጀልባ ነጂው፣ አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ። ሁሉም ከትምህርት ቤት ይዞት የወጣው በቂ ቃል አለው። የሚያደናግረው የማያውቀው ቃል ሳይሆን የሚያውቀው ቃል ሌላ ሆኖ ሲመጣበት ነው። ስለዚህ ነገር ሲነገሩ የምሰማቸው አባባሎች ደግሞ አብዛኞቹ ልክ አይደሉም።

«እያንዳንዱ ቃል አንድ ዋና ትርጉም አለው፤ እሱን ከያዝክ ሌላው ይገባሃል»

ይህ ከደብተራችን የመጣ ነው። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፣ መሀል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ መስመር። «ራን» ማለት መሮጥ፤ አለቀ። አሁን ጣና ዳር ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት እንውረድ። ሞተሩ «ኢዝ ራኒንግ» ሲባል ተነስቷል ማለት ነው፤ ጀልባው ግን ገና እንደታሰረ ነው። ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ በየጠዋቱ «ራንስ» ከተባለ በየጠዋቱ ጉዞ አለ። ባለቤቱ ከተማ ውስጥ ሆቴልም «ራንስ»፤ ያስተዳድራል። ሐይቁ መሀል ደርሶ ነዳጅ «ራን አውት» አደረግን ካለ ደግሞ ማለቁ ነው፤ ይህን ለማወቅ መዝገበ ቃላት እስኪገለጥ አይጠበቅም። በዚህ ሁሉ መሀል አንድም የሮጠ የለም።

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ቃል እንደ አዲስ ሲመረምሩት ለግሡ ብቻ 645 ትርጉም ቆጥረዋል። በእ.ኤ.አ. 1989ኙ እትም አንደኛ የነበረው «ሴት» (set፣ ማስቀመጥ) የሚለው ግስ ሲሆን እሱም 430 ገደማ ነበረው። ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ እንግሊዛዊ የለም። ሰው የሚያየው የቃሉን ጎረቤት ነው፤ ከ«ራን» ቀጥሎ «አውት» ከመጣ አንድ ነገር፣ ሆቴል ከመጣ ሌላ ነገር። ስለዚህ ደብተር ላይ ቃሉን ነጥሎ ከመጻፍ «ራን አ ሆቴል»፣ «ራን አውት ኦቭ ፊውል» እያሉ ከነጎረቤቱ መጻፍ ያዋጣል።

«ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ሁሉ ከአንድ ሥር የተዘረጋ ነው»

አንዳንዱ አዎ። ሌላው ግን በአጋጣሚ ስማቸው የገጠመ ሞክሼ ነው። «ቢል»ን እንውሰድ። ከምሳ በኋላ የሚመጣው ሂሳብ ቢል ነው፤ ፓርላማ የሚቀርበው ረቂቅ ሕግም ቢል ነው፤ አሜሪካኖች የገንዘብ ኖትንም ቢል ይሉታል። እነዚህ ሦስቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ማኅተምን፣ ኋላም ማኅተም ያረፈበትን ሰነድ ከሚያመለክት የላቲን ቃል ወርደዋል። የጣና ፔሊካን ዓሣ የሚያፍስበት ያ ከረጢት የተንጠለጠለበት መንቆርም «ቢል» ይባላል። እሱ ግን ከጥንቱ እንግሊዝኛ የመጣ ሌላ ቃል ነው፤ ከወረቀቶቹ ጋር ሥጋ ዝምድና የለውም። ፈረንጁ ወፏ ላይ ጣቱን ቀስሮ «ሉክ አት ዛት ቢል!» ሲል ገና ሂሳብ ያልተከፈለው አስጎብኚ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

«ባንክ» ትንሽ ይወሳሰባል። የገንዘቡ ባንክ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው፤ መንዛሪዎች ገንዘብ ዘርግተው ከሚሠሩበት ጠረጴዛ። የወንዝ ዳሩ ባንክ ከስካንዲኔቪያ በኩል ገባ። በጣም ወደ ኋላ ከተሄደ ቅድመ አያቶቻቸው ይገናኛሉ። በነገራችን ላይ የዓባይ ዳር ባንክ ቢባልም ለጣና ዳር የተለመደው «ሾር» ነው።

«እንግዲያው ትርጉሞቹ አይገናኙም፤ መሸምደድ ብቻ ነው»

ይህ ደግሞ ወደ ማዶ መውደቅ ነው። ሰከላ ያለው የግሽ ዓባይ ምንጭ «ስፕሪንግ» ነው። ፍራሽ ውስጥ ያለው ሞላም፣ መዝለልም፣ ከፈረንጆቹ ክረምት ቀጥሎ የሚመጣው ወቅትም እንዲሁ። ከሥራቸው ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ ፈንጠር ብሎ መውጣት። ውኃው ከመሬት ይወጣል፣ የተጨመቀው ሞላ ይነሳል፣ ክረምቱ ሲያልፍላቸው በፈረንጆቹ አገር ቅጠሉ ያቆጠቁጣል። ይህን ያወቀ ሰው አራቱን ለየብቻ አይሸመድድም። ወቅቱን ወደኛ ሲያመጡት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የእነሱ አበባ በሚፈነዳበት መጋቢትና ሚያዝያ ባሕር ዳር በሙቀት ነው የምትነደው፤ የእኛ አደይ የመስከረም ናት። መስከረም ለአሜሪካኖች «ፎል» ነው፤ ቅጠል ከመርገፉ የተነሳ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም «ፎልስ» ነው፤ በክረምቱ ዝናብ ጠግቦ የሚታየውም ያኔ ስለሆነ፣ ፎልሱን በፎል ማየት እንግሊዝኛው ራሱ የሚመክር ይመስላል።

ፎቅ ሲሠራ ዕቃ የሚያነሳው ክሬንም ስሙን ያገኘው ከወፍ ነው። ባለረጅም አንገቷ ክሬን ከሰሜኑ ብርድ ሸሽታ ጣና ዙሪያ ባሉት ረግረጎችና ማሳዎች ትከርማለች።

«በአንድ ዓይነት ፊደል ከተጻፈ አነባበቡም አንድ ነው»

ከሰዓት በኋላ ጣናን የሚያናውጠው ነፋስ «ዊንድ» ነው፤ ገመድ መጠቅለል «ዋይንድ»። አጻጻፋቸው አንድ ነው። የጀልባው አፍንጫ «ባው»፣ ቀስት ደግሞ «ቦው»። «ሪከርድ» ስም ሲሆን ድምፁ መጀመሪያው ላይ ይጠብቃል፣ ግስ ሲሆን መጨረሻው ላይ። እኛ በዚህ ልንገረም አይገባም፤ ጣና ላይ «ዋና ክልክል ነው» የሚል ቢጻፍ «ና»ን አጥብቆ የሚያነብ የለም። «ገና» ገና ነው ስንልም ማንም አይምታታም።

«እንግሊዝኛ ከየትም ቢመጣ አንድ ነው»

አይደለም። ስብሰባ ላይ አንድን ጉዳይ «ቴብል» እናድርግ ሲል እንግሊዛዊው አሁን እንወያይበት ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊው ግን ለሌላ ጊዜ እናቆየው ማለቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሁለቱ አገር ሹማምንት ተመሳሳይ ነገር ፈልገው በዚህ ቃል ረጅም ሰዓት መከራከራቸውን ቸርችል ጽፏል። ሆቴል ውስጥ ደግሞ «ፈርስት ፍሎር» ለእንግሊዛዊው ከምድር ቤቱ በላይ ያለው ነው፣ ለአሜሪካዊው ራሱ ምድር ቤቱ። «ቼክ» ሲጠየቅም አሜሪካዊው የፈለገው ሂሳቡን ነው፤ ስለ ደረቅ ቼክ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

«እንዲህ የሚያምታታ እንግሊዝኛ ብቻ ነው»

ትኬት ቆረጥን፣ ሥጋ ቆረጥን፣ ቀን ቆረጥን፣ ተስፋ ቆረጥን። ቢላዋ ያስፈለገው አንዱ ብቻ ነው። ቃል ገባ፣ ፀሐይ ገባች፣ ዕዳ ገባ፣ ገባኝ። አማርኛ የሚማር እንግዳ «ፀሐይዋ የት ነው የገባችው?» ቢል ይገባዋል።

«ስልኬ ይተረጉምልኛል»

ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ከሰጡት ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። አንድ ቃል ብቻ ነጥለው ከሰጡት ግን ይገምታል። መኪና ማቆሚያ ላይ የተለጠፈውን «ፋይን» ነጥሎ ያስተረጎመ ሾፌር «ጥሩ» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ ማስታወቂያው የሚያወራው ግን ስለ ቅጣት ነው።