«ሰማዩ ከፍ ያለ፣ ንጉሡ ሩቅ ነው»፦ የተቆረጠችው አባባል

አለቃው መስክ ወጥቶ ሠራተኛው በጊዜ ሹልክ ሲል፣ ወይም የወረዳ ሹም ከላይ የመጣለትን መመሪያ መሳቢያ ውስጥ ከቶ ሲረሳው ቻይናዎች «ሰማዩ ከፍ ያለ፣ ንጉሡ ሩቅ ነው» ይላሉ። ማን አየን፣ ማን ጠየቀን እንደማለት ነው። ዛሬ ብዙው ሰው የሚያውቃት በዚህ የቀልድ መልኳ ነው። የጣፈጠው ግን የተቆረጠው ክፍሏ ላይ ነው።

አባባሏ የግጥም መነሻ ናት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሞንጎሎች ቻይናን የገዙበት የዩዋን ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ በዛሬው ዠጂያንግ በታይጆውና በዌንጆው አካባቢ መንደርተኛው ባንዲራ ላይ ጽፎ ሰቅሏት ነበር ይላል ከዚያ በኋላ በሚንግ ዘመን የተጻፈ ማስታወሻ። ሙሉዋ ወደ እኛ ስትመጣ እንዲህ ናት፦

ሰማዩ ከፍ ያለ፣ ንጉሡ ሩቅ ነው፤
ሕዝቡ ጥቂት ሲሆን ጌታው ብዙ ነው፤
ዱላው በየቀኑ ሦስት ሦስት ጊዜ ነው፤
ካላመፁ ታዲያ ምን ሊጠብቁ ነው?

አያችሁ፣ ቀልድ አይደለችም፤ እሮሮ ናት። እዚያው ታይጆው ፋንግ ጉዎጀን የሚባል ጨው ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1348 ሸፍቶ ባሕር ገባ።

እኔ ይህችን አባባል የማስበው ከትውልድ ቦታዋ ርቄ ነው፤ በቲቤት ምሥራቅ፣ ካም በሚባለው ተራራማ አገር። ቤጂንግ ያሉት የቺንግ ነገሥታት፣ የቻይና የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት፣ ካምን በቀጥታ አልገዙም። ለየሸለቆው ባላባት ማኅተምና ማዕረግ ይሰጡታል፣ እሱ ግብር ይልካል፣ ከዚያ ፍርዱም ቀረጡም የራሱ ነው፣ ሲሞትም ልጁ ይወርሳል። እንዲህ ያለውን ባላባት ቱሲ ይሉታል። ቲቤቶቹም የራሳቸው ተረት አላቸው፦ «ለየሸለቆው የራሱ አነጋገር፣ ለየላማው የራሱ ሃይማኖት»።

ታዲያ ንጉሡ ሩቅ ሲሆን ነፃነት ነው? ለባላባቱ፣ አዎ። እዚያው ካም ውስጥ፣ ኛሮንግ ላይ፣ ጎንፖ ናምግያል የተባለ ኃይለኛ ሰው ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ሲውጥ እ.ኤ.አ. በ1849 የአጎራባቿ የቻይና ክፍለ ሀገር የሲቹዋን ገዥ ቺሻን ጦር ይዞ ዘመተበት። መጨረሻው ምን ሆነ? ሰውየው ገባሁ አለ፣ ማዕረግ ተሰጠው፣ ጦሩ ተመለሰ፣ እሱም መስፋፋቱን ቀጠለ። በ1865 ያጠፋው የቤጂንግ ሳይሆን የቲቤት ዋና ከተማ የላሳ ጦር ነው።

ለገበሬው ግን ንጉሡ ቢርቅም ኡላ ቅርብ ነበረች። ኡላ ማለት የመንገድ ግዴታ ናት። ፈቃድ ወረቀት የያዘ ባለሥልጣን መንደር ሲደርስ ፈረሱን፣ ያክ የሚባለውን የተራራ ከብት፣ ነጂውን ታቀርባለህ፤ እስከሚቀጥለው መንደር ታደርሳለህ። አዝመራ ላይ ነኝ ብሎ ነገር የለም። ወደ ላሳ የሚሄድ ሹም ሁሉ ጓዙን የሚያስጭነው በእነዚህ ሰዎች ከብት ነው። የግጥሙ ሁለተኛ መስመር እዚህ ጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ባላባቱ፣ ገዳሙ፣ አላፊው ሹም፣ ሁሉም ጌታ ነው።

በመጨረሻ ንጉሡ ቀረበ። እንግሊዞች በ1904 ላሳ ሲገቡ ቤጂንግ ደነገጠች። በማግስቱ ዓመት ፌንግ ቹዋን የሚባል የቺንግ ሹም ካም ውስጥ ባታንግ ላይ የመነኮሳቱን ቁጥር ልቀንስ ሲል የአገሬው ሰው ገደለው። ያን ጊዜ ጃኦ አርፌንግ የሚባል የቺንግ ሹም ጦር ይዞ መጣ። ሁለቱ የባታንግ ባላባቶች ተገደሉ፤ የቻክትሬንግ ገዳም ለወራት ተከቦ በ1906 ውኃው ተቆርጦበት ወደቀ። በባላባቶቹ ፋንታ ከመሃል አገር የሚላኩ ተቀያያሪ ሹማምንት ይቀመጡ ጀመር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንል ሰዎች ይህ ሥርዓት ምን ፈተና እንዳለበት ማስረዳት አያስፈልገንም! ለጃኦ ፍርዱን ላለማጓደል፣ ለኡላ ኪራይ ይከፈል የሚል ደንብም አውጥቷል። ሕዝቡ ግን «ሥጋ ቆራጩ ጃኦ» ብሎ ነው የሚጠራው።

ቺንግን የጣለው አብዮት መጣና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1911 የጃኦ አንገት በሲቹዋን ዋና ከተማ ቼንግዱ ላይ ተቀላ። ብዙዎቹ ባላባቶች ወደየቦታቸው ተመለሱ። ኡላ ደግሞ በሪፐብሊኩም ዘመን ቀጠለች።