ጦርነቱ ቆመ ማለት ልጃችሁ ተሰናበተ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ከመሐል ሜዳም ከደብረ ብርሃንም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «የሰሜኑ ጦርነት ቆሟል፤ ወታደሩ ልጄም ስንብት እየጠበቅኩ ነው ብሎ ጽፏል፤ ታዲያ ለምን አይመጣም?»

የፌዴራል መንግሥቱና የሕወሓት የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ተኩስ አስቆመ እንጂ ማንንም አላሰናበተም። ወታደር የሚሰናበተው በስሙ የስንብት ደብዳቤ ሲሰጠው ነው። እስከዚያ ድረስ ወታደር ነው። ጥሎ ቢመጣ መኮብለል ይሆንበታል፤ ይህ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። እባካችሁ «ዝም ብለህ ና» ብላችሁ አትጻፉለት።

አንድ የመንዝ ልጅ «እማዬ፣ ስሜ የተሰናባቾች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ጠመንጃዬንም አስረክቤያለሁ» ብሎ ጻፈ እንበል። ደስ ይላል፤ ግን ገና ነው። ጠላው የሚጠመቀው «ደብዳቤዬን ተቀበልኩ» ሲል ነው። «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብቻ ካለ ፈቃድም ሊሆን ይችላል። ፈቃድ የወጣ ደግሞ ተመላሽ ነው።

የሚለያየው ቀኑ ነው። ከአንድ ቀበሌ አብረው የዘመቱ እንኳ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የቆሰለ ከሆነ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ሊጠብቅ ይችላል። የጎረቤት ልጅ ስለገባ ብቻ የእኛው አንድ ነገር ሆኗል ብላችሁ አትሸበሩ። መልስ ስትጽፉ «መቼ ነው የምትመጣው?» እያላችሁ አታስጨንቁት። «ደብዳቤው እጅህ ገባ ወይ?» በሉት።